በምላጭ የተፋቀ መልክ

በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ወልደኢየሱስ ሐብተ ማርያም የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ይሠራ ነበር። ሥራው ፎቶ ማንሳት አይደለም። የሚያነሡት ባለቤቱ አቶ ዳኛው ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት በጣሊያን ጊዜ የአንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ዕቃ ተሸካሚ ሆነው ነው። የወልደኢየሱስ ሥራ የሚጀምረው እሳቸው ከጨረሱ በኋላ ነው። መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ኔጋቲቩን መስተዋት ላይ አጋድሞ፣ በቀጭን እርሳስና በምላጭ የሰው ፊት ያርማል።

ኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። በእርሳስ የጠቆረው ቦታ ወረቀት ላይ ሲታተም ይፈካል፣ በምላጭ የተፋቀው ደግሞ ይጨልማል። የፈንጣጣ ጠባሳ በእርሳስ ጫፍ ነቁጥ በነቁጥ ይደፈናል። ሰፊ አፍንጫ ከግራና ከቀኝ ሲፋቅ ጥላ ያርፍበትና ይቀጥናል፤ አጥንቱ ላይ እርሳስ ነካ ሲደረግበት ይሰለካል። ጆሮ ከሁሉ ይቀላል። የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ጥቁር ስለነበረ፣ የተንሰራፋ ጆሮ ጠርዝ ጠርዙን ሲፋቅ ጨለማው ይውጠዋል። የወይዛዝርቱን አገጭ፣ የመኳንንቱን ቦርጭ፣ የወታደሩን የተሸበሸበ ግንባር ወልደኢየሱስ ያቃናው ነበር። ሰዎቹም ፎቷቸውን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ አይተው፣ "የዳኛው ካሜራ ሰው ያውቃል" እያሉ ይወጣሉ።

እጁ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተገራው በልጅነቱ ነው። አባቱ አለቃ ሐብተ ማርያም አቡን ቤት ሰፈር የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊትና ድርሳን ይጽፋሉ። ልጃቸው ገና በሰባት ዓመቱ የተሳሳተ ፊደል በሹል ቢላ ሲፍቅ ብራናው ከቶ አይሳሳም። "የዚህ ልጅ እጅ ትንፋሽ የለውም" ይሉ ነበር አባቱ፤ ማመስገናቸው ነው።

እጁን ያመሰገነ ሁሉ ግን መልኩን አመስግኖለት አያውቅም። ወልደኢየሱስ አጭር ነበረ፤ አጠር ያለ የሚባል ዓይነት ሳይሆን ከሰው መሀል ሲቆም የሚጠፋ አጭር። አፍንጫው ሰፋ ብሎ የተደፈጠጠ፣ ጆሮዎቹ ከራሱ ርቀው የቆሙ። ቅኔ ቤት ሳለ ጓደኞቹ "ድስቴ" ይሉት ነበር፤ ድስት ሁለት ጆሮ አለው፣ ቁመት የለውም። ያ ስም ከቅኔ ቤት ወጥቶ ማኅሌት ድረስ ተከተለው። በበዓል ቀን ደባትሩ በሁለት ረድፍ ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ ትከሻቸው እንደ ግንብ ጫፍ እኩል ይሄድ ይሄድና እሱ ጋ ሲደርስ ይሰበራል። አንድ የመድኃኔ ዓለም ዕለት መሪጌታው ክንዱን ይዘው፣ በክፋት ሳይሆን ረድፉ እንዲያምር ብለው፣ ወደ ዳር አዛወሩት። ወልደኢየሱስ ወረቡ እስኪያልቅ ዳር ቆሞ ዘመረ። በማግሥቱ መቋሚያውን ለአባቱ መለሰና ፒያሳ ሄዶ ከአቶ ዳኛው ሥራ ለመነ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልነበረውም። ከሰው ጋር ሲሄድ የመንገዱን ከፍ ያለ ወገን ይመርጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደረጃ ላይ ይቆማል። ሲያወራ አፍንጫውን በጣቱና በአውራ ጣቱ ጨመቅ ጨመቅ ያደርገዋል። በቀን አሥር ፊት ያርምና፣ ሥራ ሲፈታ ያላረመውን አንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በሰኔ ወር የአባቱ እኅት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከዳባት መጡ። ሴትየዋ ነገር ማዞር አይወዱም፤ ገና ነጠላቸውን ሳያወርዱ ጀመሩ።

"ሚስት አግኝቸልሃለሁ። ይመኙሽ ትባላለች፤ የፋንታሁን ልጅ ናት። ሸጋ ልጅ፣ ዳዊት የደገመች፣ እጇም ሥራ የሚያውቅ። አባቷ ዘራችሁን ጠይቆ ወዶታል። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ።"

"ምን አሉ?"

"ሥዕል አምጡልኝ አለ። ወታደር የሄደው ልጁ የራሱን ሥዕል ከላከለት ወዲህ፣ ሥዕል ያልታየበት ነገር አይጥመውም። ፒያሳ ሥዕል ቤት የሚሠራ ሰው እንዴት ሥዕል አጣ? ይለኛል። እውነቱን እኮ ነው።"

ወልደኢየሱስ "እሺ" አለ። የሰውን ሁሉ ፊት ሲያርም ራሱ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

አቶ ዳኛው ለሠርግ ፎቶ አዘዞ የሄዱ ዕለት በሩን ከውስጥ ቆለፈ። የጥቁሩ መጋረጃ ፊት የእንጨት ሣጥን አስቀመጠና ላዩ ላይ ወጣ። ሣጥኑ እንዳይታይ የአባቱን ረጅም ካባ ደርቦ እስከ መሬት ለቀቀው። አጠገቡ ለልጆች ማስቀመጫ የሚሆነውን ትንሽ ወንበር አቆመና እጁን መደገፊያው ላይ ጣል አደረገ፤ ወንበሩ የትልቅ ሰው ወንበር ከመሰለ እሱ ግዙፍ ይመስላል። ከዚያ ሲጨመቅ ካሜራውን የሚያስነሣውን ረጅም የጎማ ቱቦ በካባው ውስጥ ይዞ ጨመቀው።

ኔጋቲቩ ላይ ሦስት ቀን ሠራ። መጀመሪያ ጆሮዎቹን ፋቀ። ከዚያ አፍንጫውን ከግራ ፋቀ፣ ከቀኝ ፋቀ፣ አጥንቱ ላይ በእርሳስ መስመር አወረደ። አገጩን ትንሽ አሾለው፤ እሱን እንኳን ማንም አልጠየቀውም። በሦስተኛው ቀን በቀዩ መብራት ሥር ወረቀቱን የማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ከተተና መልኩ ቀስ በቀስ ሲወጣ አየው። መጀመሪያ ካባው መጣ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ያ ቀጭን አፍንጫ። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ኮራ ያለ ነበር። ወልደኢየሱስ ወረቀቱ ከሚገባው በላይ እስኪጠቁር ድረስ አፍጥጦ ቀረና ሌላ ማተም ግድ ሆነበት።

አክስቱ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጡት።

"ይሄ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተማ እዚህ ቆመሃል።"

"ፎቶ እንዲህ ነው፣ እቴ። ብርሃኑ ነው።"

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሱን አዩና በመቀነታቸው ቋጠሩት። ሐምሌ ሳያልቅ መልስ መጣ። አቶ ፋንታሁን ፈቅደዋል፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ይሁን ብለዋል።

ይሄን የሰማ ዕለት ደስ ያለው መስሎት ነበር። ማግሥቱን ግን አንድ ሐሳብ ይዞት ተነሣ። ሙሽሪት የፈቀደችው ያንን ሰው ነው፤ በጥር የሚሄደው ግን ይሄኛው ነው። በመካከላቸው ያለው ስድስት ወር ነው። እንግዲህ በስድስት ወር ውስጥ ያንን ሰው መሆን አለበት።

ሁልጊዜ ጧት ጧት ከአባቱ ቤት ጓሮ ካለው የወይራ ቅርንጫፍ ላይ በሁለት እጁ ይንጠለጠላል፤ ሰው ሲንጠለጠል ይሳባል የሚል ነገር አንድ ቦታ ሰምቷል። ፎቶ ማድረቂያ ገመድ ላይ ያለውን የእንጨት መቆንጠጫ አፍንጫው ላይ ሰክቶ ይቀመጣል፤ አፍንጫው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ መቆንጠጫው ሲነሣ እንደነበረ ይሆናል። ጆሮዎቹን በሻሽ ጠፍሮ ይተኛል፤ ሲነጋ ሻሹን ሲፈታው ተመልሰው ይቆማሉ። መስቀል አለፈ፣ ኅዳር ሚካኤል አለፈ። በግድግዳው ላይ በከሰል ያሠመረው የቁመት ምልክት አንድ ጣት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ምግብ አልዋጥ አለው። አባቱ "ምነው ልጄ፣ ያመሃል?" ሲሉት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሄደ። ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊቱ ከበለሳ የመጣ ገበሬ ተቀምጧል፤ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፍኗል። ተራው ሲደርስ ጋቢውን ሲገልጠው ቁንጭር የሚሉት ቁስል የአፍንጫውን ግማሽ በልቶታል። ድሬሰሩ ቁስሉን ሲያጥብለት ገበሬው አላለቀሰም፤ "እህሉ ሳይታጨድ እንድደርስ አድርገኝ እንጂ" ብቻ ይላል። ወልደኢየሱስ ተነሥቶ ሊወጣ አሰበ። አፈረ። ግን ማፈሩ ከወንበሩ አላስነሣውም፤ ስሙ ሲጠራ ገባ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ አስተርጓሚያቸው "ምንህን ነው የሚያምህ?" አለው።

"ቁመቴን" አለ ወልደኢየሱስ። ቀጥሎ አፍንጫውን፣ ቀጥሎ ጆሮውን በጣቱ ነካ።

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። ሐኪሙ ግን አልሳቁም። ደረቱን አዳመጡ፣ ጉልበቱን መቱ፣ ዓይኑን ገልጠው አዩ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው "ምንም በሽታ የለብህም፤ ሥጋህ ግን ቀንሷል፣ ብላ ይሉሃል" አለው። በቃ ይኸው ነው።

የቀረው ጫማ ሠሪ ነበር። አራዳ ገበያ አጠገብ የሚሠራው፣ ሰጠኝ የሚሉት ሰው እግሩን ለክቶ፣ ፍላጎቱን ሰምቶ፣ ራሱን እያከከ አሰበ። ሦስት ድርብ ሶላ አንዱን በአንዱ ላይ ሰፍቶ፣ ተረከዙን በእንጨት አንሥቶ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ሠራለት። "ከተማ ውስጥ ያስኬድሃል" አለው። "ድንጋይ ላይ እንዳትወጣበት።"

ሠርጉ ደረሰ። ወልደኢየሱስ፣ አባቱ፣ አክስቱ፣ ከቅኔ ቤት ጀምሮ ወዳጁ የሆነው ሚዜው የሻውና ጥቂት ዘመድ ዳባት ድረስ በጭነት ማኪና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የበቅሎ ነው። የተገኘችው አንዲት በቅሎ ለአለቃ ተሰጠች፤ ሌላው በእግሩ ተጓዘ። የወገራ ብርድ ፊት ይገርፋል፤ መንገዱ ውርጭ የመታው ድንጋይ ነው። ገና ግማሽ ሳይሄዱ የግራ ጫማው ተረከዝ ነቀነቀ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ተገንጥሎ ቀረ።

"አውልቀው በቃ" አለ የሻው። "ሌላ ጫማ ይዣለሁ።"

"አላወልቅም።"

"ታዲያ አንዱ እግርህ አጥሮ ልትገባ ነው?"

ወልደኢየሱስ መንገዱን ቀጠለ። አንድ እግሩ ሙሽራው፣ አንድ እግሩ ራሱ ሆኖ፣ እያነከሰ ዳሱ ደጃፍ ደረሰ።

የሙሽሪት ወገን እየዘፈነ ወጣ። ዘፈኑ ግን መሀል ላይ ቀስ ቀስ እያለ ቆመ። አቶ ፋንታሁን ረጅም፣ ግንባራቸው ሰፊ ሰው ናቸው፤ ከደረት ኪሳቸው ፎቶውን አወጡ። የሻውን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ዓይናቸው ወልደኢየሱስን ዘሎ አለፈው።

"ሙሽራው የታለ?" አሉ።

ሕዝቡ ሳቀ። ሙሽራ ማስጠበቅና መተረብ ልማድ ስለሆነ ጨዋታ መስሏቸው ነው። የሻው "ይኸው" ብሎ ወልደኢየሱስን ወደፊት ገፋ ሲያደርገው ግን ሳቁ ጠፋ። አቶ ፋንታሁን ፎቶውን አምጥተው ከፊቱ አጠገብ ያዙት፤ በዚያች ሰዓት ወልደኢየሱስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

"ምነው አያ ሐብተ ማርያም!" አሉ ወደ አባቱ ዞረው። "እኛ ሰው ብለን ቤታችንን ከፍተን፣ እናንተ ሌላ ሰው ታመጡብናላችሁ?"

አለቃ ከበቅሎ ወርደው መጡ። ፎቶውን አይተውት አያውቁም ነበር፤ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሉ። ሽማግሌው ዓይናቸው ለቅርብ ደክሟልና ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ወልደኢየሱስም እሳቸውን አየ። ከጥምጣማቸው ሥር ግራና ቀኝ የቆሙትን ጆሮዎች፣ ያንን ሰፊ አፍንጫ፣ ከበቅሎዋ ኮርቻ ብዙም ያልበለጠ ቁመታቸውን አየ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሯቸው ሲኖር አላየውም ነበር ማለት ይቻላል። ፎቶው ላይ የፋቀው የማንን ጆሮ እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

"ካባው የኔ ነው" አሉ አለቃ ቀስ ብለው። "ሰውየውን ግን አላውቀውም። የኔ ልጅ ይኸ የቆመው ነው።"

"ታዲያ ይሄ ማነው?"

"ልጄ እጁ ጥሩ ነው" አሉ። "ፍቆ አጥፍቶት ነው።"

ሽማግሌዎች ከዳሱ ጀርባ ገብተው መከሩ። አንዱ "ማታለል ነው፣ ይመለሱ" አለ፤ አንዱ "ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታርዷል፣ ሰውየው ያው ባለዘር ነው" አለ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል "ብርሃኑ ነው" ለማለት ሞክረው የሚሰማቸው አጡ። በመጨረሻ አንድ ቄስ "ልጅቷ ትጠየቅ" አሉ። ተጠየቀች። መልሷንም ቄሱ ወጥተው በሕዝብ ፊት ተናገሩ፦

"ዛሬ አልሄድም ብላለች። የሚፈልገኝ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ለብቻው ይምጣና ያናግረኝ ብላለች።"

እንዲህ ያለ መልስ በዚያ አገር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ፋንታሁን ተቆጡ፤ ግን ከልጃቸው መልስ ይልቅ ያናደዳቸው ፎቶው ነበርና በዚያው ተላለፈ። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ያለ ሙሽሪት ተመለሱ። ወልደኢየሱስ የየሻውን ጫማ አድርጎ እስከ ዳባት ከሁሉ ኋላ ሄደ።

ወሬ ከማኪና ይፈጥናል። ገና ሳምንት ሳይሞላው የፒያሳ ሥራ ፈቶች በፎቶ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዜማሉ፦

"ሸጋው ሙሽራችሁ ወረቀት ላይ ቀረ፣
አጭሩ ሚዜው በእግሩ እየዞረ።"

አቶ ዳኛው ወጥተው በዱላ ያባርሯቸዋል። ወልደኢየሱስ ውስጥ ሆኖ ምላጩን ይይዛል፣ ያስቀምጣል፤ እርሳሱን ይቀርጻል፣ መልሶ ይቀርጻል። አንድ ቀን ጎንደርን ለቅቆ ጎጃም ሊሄድ ቦርሳውን አዘጋጀና ማክሰኝት ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ገበያው ዳር ከከብት ነጋዴዎች ጋር ሲጠብቅ ውሎ፣ ማኪናው ሲመጣ ሳይሳፈር ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ለራሱም አልገባውም። አስመራ ሊሄድ አሰበ፤ ያንንም ተወው።

አለቃ ስለ ሠርጉ አንድም ነገር ሳያነሡ ሁለት ወር አለፈ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ አንድ ቀትር ላይ ብራና ሲያሠምሩ ሳሉ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

"ጆሮው በጣም አስቸግሮህ ነበር?"

ወልደኢየሱስ "ይቅር በለኝ አባየ" አለ።

"እኔን እንስራ ነበር የሚሉኝ፣ በልጅነቴ።" መስመሩን ጨረሱና ሌላ ጀመሩ። "ለመድኩት አልልህም። ብዙ ዓመት ያመኝ ነበር። ከዚያ እናትህ መጣች፣ አንተ ተወለድህ፣ ሥራ በዛ። እንዲያው ስሜቱ ጊዜ አጣ መሰለኝ።" ቀጥለውም፣ "ልጅቷ ና ብላሃለች። ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?" አሉ።

"የሄድኩ እንደሆነ ምን እላታለሁ?"

"እሷ ናት የጠራችህ። የምትለው ይኖራታል።"

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሄደ። ያንን መንገድ ብቻውን ተጓዘ፤ ሦስት ጊዜ ቆሞ ለመመለስ አሰበ። ይመኙሽ ከቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እናቷ በሩ ውስጥ ሆነው ምስር ይለቅማሉ፤ አልተነሡም፣ ጆሯቸው ግን ወደ ውጭ ነው። ልጅቷ ጠይም፣ ቅንድቧ የተጋጠመ፣ ዓይኗን ከሰው ላይ ቶሎ የማታነሣ ነበረች። ተቀመጥ ብላው እንዝርቷን ማሽከርከሯን ቀጠለች።

"ፎቶውን ምን አደረጋችሁት?" አለ ወልደኢየሱስ።

"አባቴ እሳት ውስጥ ከተተው።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ። አታለልኳችሁ።"

"እኔን አላታለልኸኝም። ሥዕሉ በመጣ ዕለት አይቸው ነበር። አፍንጫህ ግራውም ቀኙም ጥላ አለው። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወገን ትወጣለች እንዴ?"

ወልደኢየሱስ አፉን ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጎንደር መኳንንት ይህን አላዩትም ነበር። አቶ ዳኛውም አላዩትም።

"ካወቅሽ ለምን እሺ አልሽ?"

"አንድ ሰው ይህን ያህል ደክሞ የሚዋሸው ምን ፈልጎ ነው ብየ። ምን እንደጎደለህ ላየው ፈለግሁ።" ክሩን ጠምጥማ አዲስ ባዘቶ ያዘች። "የሠርጉ ዕለት ግን በቀዳዳ ሳይህ ጫማህን አየሁት። ሥዕሉ ለሩቅ ሰው ነው ብየ ነበር። ጫማው ግን ለኔ ነው፤ ቤት ስንገባም ልታወልቀው የማትፈልገው ጫማ ነው። ያኔ ተናደድሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ምን ጫማ አድርገህ መጣህ?"

እግሩን አየ። የሻው የሰጠው ተራ ጫማ ነው፤ ተረከዙም በመንገዱ አልቋል። ይመኙሽ ሳቀች። እናቷ ከውስጥ "በል ልጄ፣ ግባና እህል ቅመስ" አሉ።

በግንቦት ያለ ብዙ ድግስ ተጋቡ። ከእሱ በአንድ ጋት ትበልጥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አብረው ሲሄዱ ሰው ዞሮ ያያል። ወልደኢየሱስ ተፈወሰ ማለት አይቻልም። ሰው በሞላበት ቤት ሲገባ አሁንም ዓይኑ ከፍ ያለ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ሲያወራ ጣቱ ወደ አፍንጫው ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ይከፋዋል፣ ያለ ምክንያት ይወጣል፣ ቀሐ ወንዝ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ይመኙሽ "ዛሬ ደግሞ መጣብህ?" ትለዋለች፤ "መጣብኝ" ይላታል። ሥራውንም አልተወም። ሰው ጠባሳዬን አጥፋልኝ ሲል ያጠፋለታል። የአንድ ወገን ጥላ ብቻ መተውን ግን ከሚስቱ ተምሯል።

አለቃ በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። አቶ ዳኛው ሲያረጁ ፎቶ ቤቱን ለእሱ ለቀቁለት። ከሁለት ልጆቹ የመጀመሪያዋ የዓለምወርቅ ናት፤ ቁመቷን ከእናቷ ወሰደች፣ ፊቷን ከእሱ።

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት የዓለምወርቅ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ጧት ፎቶ ቤት መጣችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አባቷ አነሣት። ሲጨርስ አልተነሣችም።

"አባባ፣ አፍንጫየን ቀጭን አድርግልኝ።"

ወልደኢየሱስ ካሜራውን ማጽዳት ጀመረ። "የፈተና ፎቶ አይነካም" አለ።

"የሰው ሁሉ ትነካ የለ? የጓደኛየን የእናኑን አገጭ አስተካክለህላታል። ወረቀቱ እኮ ዕድሜ ልኬን አብሮኝ የሚኖር ነው።"

"እጄ ደክሟል፤ ይንቀጠቀጣል አሁን።"

ልጅቷ እጁን አየች። የካሜራውን መስተዋት በጨርቅ ጫፍ እያበሰ ነበር፤ እንደ ድሮው ትንፋሽ የለውም። የዓለምወርቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አንተም አስቀያሚ ነሽ ነው የምትለኝ" ብላ ወጣች።

ሊከተላት ተነሣ፤ በሩ ላይ ቆመ። ያንን ሁሉ ታሪክ ሊነግራት ፈለገ፤ የጫማውን፣ የወይራ ቅርንጫፉን፣ የአያቷን ነገር። ታሪኩ ግን የሱ ነው፤ እሷ ደግሞ የዛሬው ነገር ነው ያመማት። ኔጋቲቩን አጠበ፣ መስኮት ሥር ተቀመጠ፣ ምላጩን አወጣ። የልጁን ፊት በግልብጡ፣ ጥቁር ሆኖ አየው። ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ሁለት ደንበኛ ቢመጣ "ነገ" ብሎ መለሰ። በአሥራ አንድ ሰዓት ምላጩን ወረቀት ውስጥ ጠቀለለና ፎቶውን እንዳለ አተመው።

የዓለምወርቅ ለሦስት ቀን አላናገረችውም። ፎቶውን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ሳታየው ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ይመኙሽ "ምነው ትንሽ ብትነካላት?" አለችው፤ "እኔ እንጃ" አላት፤ እውነትም አያውቅም ነበር። ትክክል አድርጎ እንደሁ፣ ወይ ለራሱ ጸጸት ሲል ልጁን በድሎ እንደሁ፣ ያንን እያሰበ ሥራው ላይ ሁለት ፊት አበላሸ።

በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ተማሪ ቤቱ በር ድረስ ሄደ። ለምን እንደመጣ የሚለው አላዘጋጀም። ልጆች እየተጯጯሁ ይወጣሉ። የዓለምወርቅ ከሦስት ልጃገረዶች ጋር ነበረች፤ አንዷ ያለችው ነገር አስቋት በእጇ አፍንጫዋን ሸፍና ትስቃለች። አባቷን አየችውና ሳቋን አቆመች። ጓደኞቿን ትታ መጣች።

"ምነው አባባ? ምን ሆንክ?"

"ምንም። ሳልፍ ነው።"

በዚህ በኩል የሚያልፍበት ጉዳይ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። የዓለምወርቅ ከእሱ ትበልጥ ነበርና ዝቅ ብላ አየችው።

"ምሳ በልተሃል?"

"አልበላሁም።"

"እኔም አልበላሁም" አለችና ደብተሯን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። አስፋልቱን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። እሷ ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ ማማረር ጀመረች፤ እሱም ይሰማት ነበር።